ቅዳሜን ከውሾች ጋር፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ የውሻ መጠለያ ውስጥ በበጎ ፈቃድ ለመሥራት ዝርዝር መመሪያ

የውሻ መጠለያ መሃል ከተማ አይመችም። መሬቱ ውድ ነው፣ ጩኸቱንም ጎረቤት አይችለውም። ስለዚህ ወደ ዳር መውጣት ነው፤ በሱሉልታ፣ በለገጣፎ፣ በቡራዩ ወይም በሰበታ በኩል፣ አስፋልቱ አልቆ፣ ኮብልስቶኑም አልቆ፣ ጭቃው ሲጀምር። የቆርቆሮ አጥር ታያላችሁ። ገና በሩ ጋ ሳትደርሱ ጩኸቱ ይቀበላችኋል።

ላግዝ ብሎ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። የሚጠፋው ተመልሶ የሚመጣው ነው። ጓደኛሞች በአንድ መኪና ሞልተው ይመጣሉ፣ ቡችላ ያቅፋሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ይበተናሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንዳቸውም የሉም። ግቢው ግን በሚቀጥለው ቅዳሜም ይቆሽሻል፣ ውሾቹም ይርባቸዋል። ይህን የጻፍኩት ሁለተኛው ቅዳሜ ላይም መገኘት ለሚፈልግ ሰው ነው።

ቦታውን ከመምረጣችሁ በፊት

መጀመሪያ ደውሉ። ሳይደውሉ ሄዶ በር ማንኳኳት ግቢውን በሙሉ ቀስቅሶ የሠራተኛውን ጠዋት ማበላሸት ነው።

ስትደውሉ ጠይቁ። ውሾቹ በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወስዳሉ ወይ? አዲስ የገባ ውሻ ለብቻው የሚቆይበት ክፍል አለ ወይ? ያመክናሉ ወይ? ቡችላ ይሸጣሉ ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ ነገሩን ቶሎ ያጠራዋል። ቡችላ የሚሸጥ ቦታ ንግድ ነው። ንግድ ነውር አይደለም፣ ለነጋዴ በነፃ ጉልበት መስጠት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ካሰባችሁበት የራሳችሁ ምርጫ።

ስለ ማምከን የምትጠይቁት ለወግ አይደለም። የአንዲት ውሻ እርግዝና ሁለት ወር ብቻ ነው፣ 63 ቀን ገደማ። በዓመት ሁለት ጊዜ ልትወልድም ትችላለች። የማያመክን መጠለያ ዛሬ አሥር ውሻ ቢያነሳ በሚቀጥለው ዓመት ከራሱ ግቢ የተወለዱትን የሚያበላው ያጣል።

ክትባት የሌለበት ቦታ ከሆነ አመስግናችሁ ስልኩን ዝጉ። ልባቸው ወርቅ ቢሆን እንኳን።

ትንሽ ቃል ግቡ፣ የገባችሁትን ጠብቁ

«ሁሌ እመጣለሁ» አትበሉ። «በወር የመጀመሪያው ቅዳሜ የኔ ነው» በሉ። ለሠራተኞቹም ለውሾቹም የሚጠቅመው ይሄ ነው። ሠራተኛው በዚያ ቀን ሁለት ሰው የሚፈልገውን ሥራ ያቆይላችኋል፦ ውሻ ማጠብ፣ ክፍል መጠገን፣ ኩንታል ማራገፍ። ፈሪው ውሻ ደግሞ ሽታችሁን የሚለምደው ደጋግማችሁ ስትመጡ ነው። አንድ ቀን ሙሉ አጠገቡ ከመዋል አሥር ቀን ለአሥር አሥር ደቂቃ መምጣት ይበልጥበታል።

መቅረት ካለባችሁ ከዋዜማው ደውሉ። ሰዓቱም ጠዋት ነው። ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ካልደረሳችሁ ዋናው ሥራ ያልቅና እናንተ እንግዳ ሆናችሁ ቡና ይፈላላችኋል።

ክትባት ለእናንተም

ይህን ክፍል ዘላችሁ እንዳታልፉት።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ከመታየቱ በፊት ግን ሙሉ በሙሉ መከላከል ይቻላል። በዓለም ላይ ሰው ላይ ከሚደርሰው የዚህ በሽታ መተላለፍ እስከ 99 በመቶው በውሻ በኩል ነው። ስለዚህ ከውሻ ጋር አዘውትሮ የሚሠራ ሰው ሳይነከስ አስቀድሞ መከተብ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ ሰው የሚመክረው ሁለት መርፌ ነው፤ አንዱ ዛሬ፣ ሁለተኛው በሳምንቱ። ወደ ጤና ተቋም ሂዱና «ከውሾች ጋር ልሠራ ነው» በሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰው «ፓስተር» እያለ የሚጠራው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በዚህ በሽታ ዙሪያ ለረጅም ዘመን የሠራ ተቋም ነው።

አስቀድማችሁ ተከተባችሁ ማለት ስትነከሱ ዝም ማለት አይደለም። ያኔም ተጨማሪ መርፌ አለ፣ ግን ቁጥሩ ያንሳል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባታችሁንም አብራችሁ አስመርምሩ። ግቢው ውስጥ ሚስማርና የዛገ ቆርቆሮ አይጠፋም።

ልብስ፣ መንገድ፣ ምሳ

የሚጣል ልብስ ልበሱ። ቱታ ወይም ያረጀ ጂንስ፣ እጅጌው ረጅም። የጆሮ ጌጥ፣ ሐብል፣ የሚንጠለጠል ሻሽ እቤት ይቅር። ቡችላ የሚንጠለጠል ነገር ይወዳል። ከሰኔ እስከ መስከረም ቦቲ ጫማ ግድ ነው። ሱሉልታ ከአዲስ አበባም ከፍ ይላል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ላይ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ልታገኙት ትችላላችሁ። ስለዚህ ከላይ ወፍራም ሹራብ፣ ከስር ቲሸርት። አካፋ ከያዛችሁ በኋላ ሹራቡን ማውለቃችሁ አይቀርም።

ወደ ቤት የምትመለሱበትን ቅያሪ በፌስታል አስሩ። ስትመለሱ ታክሲ ውስጥ አጠገባችሁ የሚቀመጠው ሰው ምን አደረገ? በእናንተ ሽታ ደግሞ እቤት ያለው ውሻ ሳይሆን እናታችሁ ናት የምትቆጣው። የሥራ ልብሱን ለብቻው እጠቡት። የምትሠሩበት ጫማ ሌላ ውሻ ያለበት ቤት አይግባ፤ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ እንደርስበታለን።

ምሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። በአካባቢው ሱቅ ላይኖር ይችላል። ለሠራተኞቹም ዳቦ ጨምራችሁ ብትይዙ ማንም አይጠላችሁም።

መጀመሪያ አካፋ

ውሻ ሳትነኩ በፊት አካፋ ትነካላችሁ። ይህ ቅጣት አይደለም። በአላስካ በረዶ ላይ ተንሸራታች ጋሪ የሚጎትቱ ውሾች የሚያድሩበት ግቢ ሄዳችሁ ብታግዙም የመጀመሪያ ሥራችሁ ይሄው ነው፦ ባልዲ፣ አካፋ፣ ሰገራ።

ሰገራ መሰብሰብ ዝም ብሎ ጽዳት አይምሰላችሁ። የግቢው የጤና ምርመራ የሚጀመረው እዚያ ነው። እያያችሁ ልቀሙ። እንደ ሩዝ ፍሬ ነጭ ነገር ከላዩ ተጣብቆ ካያችሁ ውሻው የኮሶ ትል አለበት፣ ብዙ ጊዜም ከቁንጫ የመጣ ነው። ፓስታ የመሰለ ረጅም ትል ካያችሁ ያ ሌላ ዓይነት ነው፣ በተለይ ቡችላ ላይ ይበዛል። ጥቁር እንደ ሬንጅ የሆነ ሰገራ ከላይኛው አንጀት የመጣ ደም ሊሆን ይችላል። ቡችላ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ካለውና ካስታወከ ግን እዚያው አካፋውን አስቀምጡና ለኃላፊው ተናገሩ። ፓርቮ የሚባለው የቫይረስ በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ያልተከተበ ቡችላን በቀናት ውስጥ ይገድላል።

የትኛው ክፍል ውስጥ ምን እንዳያችሁ በስልካችሁ ያዙ። «አንዱ ውሻ ያስቀምጠዋል መሰለኝ» የሚል ወሬ ለእንስሳት ሐኪም አይረባውም። «ከበሩ በስተግራ ሦስተኛው ክፍል፣ ቡናማው፣ ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ጊዜ» ካላችሁት ግን መድኃኒቱን ይዞ ይመጣል።

ማጠብ ቅደም ተከተል አለው

ከቡችሎቹ ጀምሩ፣ ከዚያ ጤነኞቹ ትልልቆች፣ በመጨረሻ አዲስ የገቡትና የታመሙት። ይህን ቅደም ተከተል አትገልብጡት። ፓርቮ በጫማ፣ በባልዲ፣ በመጥረጊያ ይሄዳል፤ አፈር ውስጥም ወራት ሊቆይ ይችላል። ጫማችሁን ሌላ ውሻ ያለበት ቤት አታስገቡ ያልኩት ለዚህ ነው።

በረኪና ፓርቮን ይገድላል፣ ግን ቆሻሻ ላይ ከደፋችሁት ኃይሉ ያልቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰገራው ይነሳ። ከዚያ በኦሞ ወይም በላርጎ ፈትጋችሁ እጠቡ፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ። በረኪናው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጥንካሬው 5 በመቶ የሆነው በረኪና መጠኑ 1 ለ30 ነው። ሃያ ሊትር በምትይዘው ቢጫ ጀሪካን ሲሰላ ሁለት ሦስተኛ ሊትር ያህል ነው። ወለሉ ላይ 10 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ አለቅልቁት፣ ይድረቅ። ውሻው የሚመለሰው ሲደርቅ ነው። ሲበዛ ይበልጥ ያጸዳል ብላችሁ አትጨምሩ፤ የውሻውን መዳፍና አፍንጫ ያቃጥላል። የተበረዘውን ለነገ አታስቀምጡ፣ ኃይሉ ይቀንሳል። ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋርም በፍጹም አትቀላቅሉት፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

የውሃ ነገር ደግሞ አለ። ዳርቻው ላይ ቧንቧ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ሮቶው ባዶ ከሆነ ቦቴ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። እንዲህ ባለ ቀን የመጠጡ ውሃ ይቅደም። ወለሉ በደረቁ ተጠርጎ ማደር ይችላል።

ድስቱ

ግቢው ውስጥ ደስ የሚለኝ ቦታ ይሄ ነው። በማገዶ ላይ የተጣደ ትልቅ ብረት ድስት፣ ውስጡ ሳንባና ጨጓራ ከሩዝ ወይም ከበቆሎ ጋር ይንተከተካል። ሽታው ለሰው አይጥምም። ውሾቹ ግን ድስቱ መፍላት ሲጀምር ጩኸታቸው ይለወጣል፤ ቀጭን ይሆናል፣ ልመና ልመና ይላል።

ደረቅ የፋብሪካ ምግብ ከውጭ የሚገባና ውድ ስለሆነ ለብዙ ውሻ አይቻልም። ስለዚህ ከቄራና ከሥጋ ቤት የሚገኝ የሆድ ዕቃ ነው የሚቀቀለው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር አጥብቃችሁ ያዙ።

አንደኛው፣ ጥሬ ሳንባና ጥሬ ጉበት ለውሻ አይሰጥም። የበግና የከብት ሳንባ ሲከፈት አንዳንዴ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይገኝበታል። ነጣ ያለ ነው። ያ የኮሶ ትል ዘር ነው። ውሻ ጥሬውን ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል፣ እንቁላሉ በሰገራው ይወጣል። ሰው ያልታጠበ እጁን አፉ ውስጥ ሲከት ደግሞ ያው ከረጢት ሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ይበቅላል፣ መውጫው ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው። እንዲህ ዓይነት ከረጢት ካያችሁ ክፍሉን ቆርጣችሁ አቃጥሉት ወይም ውሻ የማይደርስበት ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቅበሩት። የቀረው በደንብ ይቀቀል። በደንብ ማለት ሲቆረጥ መሃሉ ላይ ደም የለም ማለት ነው። ሥራ ስትጨርሱ፣ ምሳ ከመብላታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ሳኒታይዘር የትል እንቁላል አይገድልም።

ሁለተኛው ቡሌ ነው። ሆቴሎች የተረፈ ምግብ ሲሰጡ ምስጋና ይገባቸዋል፣ ግን ሁሉም ለውሻ አይሆንም። ወጣችን ሽንኩርት ነው፣ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ቢቀቀልም፣ ቢጠበስም፣ ቢደርቅም ያው ነው። ነጭ ሽንኩርትም እንደዚሁ። ጉዳቱ በዚያው ቀን ላይታይ ይችላል። ከቀናት በኋላ ውሻው ይደክማል፣ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። ስለዚህ ሆቴሉን አስቀድማችሁ አነጋግሩ፦ ነጭ ሩዝ፣ መኮሮኒ፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ ሥጋ ለብቻው ይቀመጥ። ወጥ የነካውን አትቀበሉ። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ይለቀም፤ ሲሰበር እንደ መርፌ ይሾላል። ቸኮሌት፣ ወይን፣ ዘቢብም መርዝ ናቸው።

አሁን ማንም የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። የመጠለያው ክፉ ወቅት ክረምቱ ሳይሆን ሁዳዴ ነው። 55 ቀን ብዙ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፣ የሆድ ዕቃውም አብሮ ይጠፋል። የሆቴሉ ቡሌም ሽሮና ምስር ይሆናል፣ ያው በሽንኩርት። ገንዘብ ወይም ምግብ መለገስ የምትፈልጉ ሰዎች ገና ለገና ለበዓል አታስቀምጡት። በፋሲካ ማግስት አጥንቱ ተርፎ ይጣላል። የሚያስፈልገው ሁዳዴ መሃል ላይ ነው። በዚያ ወቅት የማይዘጉት የሙስሊም ሥጋ ቤቶች ናቸው፣ ከአንዱ ጋር ቀደም ብሎ መነጋገር ብዙ ያድናል። እንቁላልም ጥሩ ምትክ ነው፤ የተቀቀለ።

የከሳ ውሻ ሲመጣ አንጀታችሁ እንዳይበላችሁና ድስት ሙሉ እንዳታቀርቡለት። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት ድንገት ሲሞላ ሊታመም፣ ሊሞትም ይችላል። ትንሽ ትንሽ፣ በቀን ብዙ ጊዜ። መጠኑን የእንስሳት ሐኪም ይንገራችሁ።

ለሚያነክስ ውሻ ከቦርሳችሁ የራስ ምታት መድኃኒት አውጥታችሁ አትስጡ። አይቡፕሮፌን ውሻን ይገድላል።

መቅረብ

እነዚህ ውሾች ያደጉት መንገድ ላይ ነው። ሰው ጎንበስ ካለ ድንጋይ ሊያነሳ ነው ብለው ያምናሉ፤ ብዙ ጊዜም እውነታቸውን ነው። ክፍል ውስጥ ገብታችሁ የጫማችሁን ክር ልታስሩ ጎንበስ በሉ፣ ያየሁት ውሻ ሁሉ ያደርገዋል፦ ጆሮው ወደ ኋላ ይተኛል፣ ኋላው ዝቅ ይላል፣ ጅራቱ ሆዱ ሥር ይገባል፣ ዓይኑ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ማምለጫ ካለው ይሮጣል። ማምለጫ ከሌለው ጥርሱን ያሳያል። ስለዚህ ክራችሁን ውጭ አጥብቃችሁ ግቡ። መቀመጥ ከፈለጋችሁ ጀርባችሁን ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ ቀስ ብላችሁ ቁጭ በሉ እንጂ ከወገባችሁ አትታጠፉ።

ስትቀርቡ ፊት ለፊት አትሂዱ። ጎናችሁን ስጡት። ዓይን ዓይኑን አትዩት። እጃችሁን አንከርፍፋችሁ አታሽቱት፤ ከፈለገ መጥቶ ያሸታል። ሲመጣና ሲጠጋችሁ ደረቱን ወይም ጎኑን እከኩለት። እጅን ከላይ ወደ አናቱ መዘርጋት ለተመታ ውሻ ዱላ ነው።

ጅራት ቆላ ማለት ወደደኝ ማለት አይደለም። ሰውነቱ ልል ሆኖ ወገቡ አብሮ የሚወዛወዝ ከሆነ ጥሩ ነው። ጅራቱ ቀጥ ብሎ ቆሞ ጫፉ ብቻ ቶሎ ቶሎ የሚንቀጠቀጥ፣ ሰውነቱ የደረቀ ከሆነ ግን ተዉት። ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ከላሰ፣ እንቅልፍ ሳይመጣው ካዛጋ፣ ፊቱን አዙሮ የዓይኑን ነጭ ካሳያችሁ «በቃኝ» እያላችሁ ነው። ማጉረምረምም ማስጠንቀቂያ ነው። በማጉረምረሙ አትቅጡት። የሚቀጣ ውሻ ማጉረምረሙን ይተዋል፣ መንከሱን ግን አይተውም፤ ከዚያ በኋላ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚነክሰው።

ለዘበኛው «ጋሼ፣ ይሄ ይናከሳል?» ብላችሁ ብትጠይቁ «ልጄ፣ ጥርስ ያለው ሁሉ ይነክሳል» ይሏችኋል። ጥያቄውን ለውጡት። «ጋሼ፣ ይሄ የሚጠላው ምንድን ነው?» በሏቸው። ያኔ ወሬ ታገኛላችሁ፦ ይሄ ጥላ ይጠላል፣ ያ ኮፍያ የለበሰ ወንድ፣ ያቺ ደግሞ ሳህኗ ሲነካ። ውሾቹን ሌት ተቀን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ከማንም አሠልጣኝ በፊት እሳቸውን እሰማለሁ።

ገመድና በር

ሽርሽር የመጀመሪያ ቀን ሥራ አይደለም። ኃላፊው «ይሄን ውሰዱት» እስኪላችሁ ጠብቁ።

ሲላችሁ ገመዱን እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙ። ውሻው ድንገት ከጎተተ ጣት ይሰበራል። ቀለበቱን በአውራ ጣት ይዛችሁ ቀሪውን ጨብጡት። የአንገት ቀበቶው ሁለት ጣት ብቻ የሚያስገባ ይሁን፣ ከላላ ፈሪ ውሻ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ከአንገቱ ያወልቀዋል። ሁለት በር ካለ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም።

ከግቢው ውጭ የገበሬ ማሳና የበግ መንጋ አለ። በጉ ለውሻችሁ ጓደኛም ምግብም እንዳይመስለው፣ በሩቁ ዞራችሁ እለፉ። አንድ በግ ከተነከሰ ከጎረቤት ጋር የነበረው ሰላም በዚያው ቀን ያበቃል። ልጆች ድንጋይ ሊወረውሩ ይችላሉ። ከመቆጣት ይልቅ ስማቸውን ጠይቁ፣ የውሻውን ስም ንገሯቸው። በአካባቢው አፋን ኦሮሞ የሚናገር ብዙ ነው፤ ሁለት ሦስት የሰላምታ ቃል መማር በሩን ይከፍታል።

ቢነክሳችሁ

ወዲያው ወደ ቧንቧ። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡት። በስልካችሁ ሰዓት ያዙ፣ 15 ደቂቃ ከምታስቡት ይረዝማል። ቫይረሱን የሚያጥብላችሁ ይህ ነው። ቡና፣ አመድ፣ በርበሬ አትነስንሱበት። አጥብቃችሁም አትሰሩት። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። መቧጠጥም፣ ቁስል ላይ መላስም እንደ ንክሻ ይቆጠራል። ጸበል መጠመቅ የሚፈልግ ይጠመቅ፣ መርፌው ግን አይቅር፣ አይዘግይም።

ውሻው እንዳይገደል ተናገሩ። ታስሮ 10 ቀን ይጠበቃል። በነከሳችሁ ሰዓት በሽታው በምራቁ ውስጥ ከነበረ በዚህ ጊዜ ውስጥ ምልክቱ ይወጣበታል። ጤነኛ ሆኖ ካለፈ ሐኪሙ የቀረውን መርፌ ሊያቆምላችሁ ይችላል። ከተገደለና ከተቀበረ ግን ማንም ምንም አያውቅም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር። የመንገድ ውሻን በመርዝ መጨረስ ዘመን ያስቆጠረ ልማድ ነው፣ በሽታውን ግን አላጠፋውም። በሽታው የሚቆመው በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶው ሲከተቡ ነው። ጉዳዩ የሰው ብቻም አይደለም፤ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡት ቀይ ቀበሮዎች አብዛኞቹ የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ሲሆን፣ ከመንደር ውሻ በተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ ብዙዎቹ አልቀዋል። እናንተም የክትባት ዘመቻ ቀን ላይ መዝገብ ለመያዝና ውሻ ለመያዝ ከተገኛችሁ የዓመቱ ትልቁ እገዛችሁ ያ ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት አጥሩን ዙሩ

ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል የሚለው ተረት እዚህ ተረት አይደለም። በአዲስ አበባ ዙሪያ ጅብ አለ፣ ማታ ማታ ይወርዳል፣ ውሻም ይበላል። ውሾቹ ቀን ላይ ከቆርቆሮው ሥር የማሷትን ጉድጓድ ፈልጉና በድንጋይ ድፈኗት። የክፍሎቹን መቀርቀሪያ አንድ በአንድ በእጃችሁ ነክታችሁ እዩ።

ፎቶ

አንሱ፣ ይጠቅማል። ብዙ ውሻ ቤት የሚያገኘው በፎቶ ነው። በፍርግርግ ጀርባ ሳይሆን ውጭ፣ በብርሃን፣ በውሻው ቁመት ልክ ተቀምጣችሁ አንሱት። ከሥሩ ዕድሜውን፣ ልጅ ይወድ እንደሆነ፣ የማይወደውንም በእውነት ጻፉ። የመጠለያውን ትክክለኛ ቦታ ግን አትለጥፉ። በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ በካርቶን የተጣሉ ቡችሎች ታገኛላችሁ።

የወደዳችሁትን ውሻ ይዛችሁ ለመሄድ አትቸኩሉ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የጎረቤቱን ጠባይ፣ ኪራይ ከሆነ የአከራዩን አፍ አስቀድማችሁ እወቁ። ተመልሶ የሚመጣ ውሻ ሁለተኛ ጊዜ ሰው ለማመን በጣም ይከብደዋል።

ሀስኪ የምታልሙ ካላችሁ

አንዳንድ ወጣቶች ወደ መጠለያ የሚመጡት እንደ ሀስኪ ያሉ የበረዶ ጋሪ የሚጎትቱ ውሾችን በቪዲዮ አይተው ነው። ታሪኩ ይማርካል። በ1925 በአላስካ ኖም በምትባል ከተማ የዲፍቴሪያ ወረርሽኝ ሲነሳ ወደ 20 የሚጠጉ ነጂዎችና 150 ገደማ ውሾች እየተቀባበሉ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ መድኃኒት አድርሰዋል። ከ1973 ጀምሮ ደግሞ ከአንኮሬጅ እስከ ኖም የሚካሄደው ኢዲታሮድ የተባለ ውድድር አለ፣ ርቀቱ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

እዚያ ያለው ግቢ ከኛ የሚለየው በአየሩና በምግቡ መጠን ነው። የሚወዳደር ውሻ በቀን እስከ 10,000 ካሎሪ ሊበላ ይችላል። በብርድ ውሃ ብቻውን አልጠጣ ስለሚል ሥጋ የገባበት ለብ ያለ ሾርባ ይሰጠዋል። ሰገራ ማንሳቱ፣ መቀርቀሪያ ማየቱ፣ የበላውንና ያልበላውን መመዝገቡ ያው ነው። መዳፍ መመርመር እዚያ ትልቅ ሥራ ነው፣ በጣቶቹ መሃል በረዶ ይጋገራልና። እኛ ጋ በበረዶው ፋንታ መዥገር ነው የምትፈልጉት፤ እጃችሁ ግን የሚለምደው አንድ ነው። ስለዚህ ከዚህ የምትጀምሩት ልምድ አይባክንም።

እንዲህ ባለ የውጭ አገር ግቢ ለማገዝ ለማመልከት ካሰባችሁ ከመጠለያው ኃላፊ ደብዳቤ ጠይቁ። «ውሻ ይወዳል» የሚል ሳይሆን ከመቼ እስከ መቼ፣ በወር ስንት ቀን፣ ስንት ውሻ ያለበት ግቢ ውስጥ፣ ምን ምን እንደሠራችሁ የሚዘረዝር ይሁን። ቪዛውን ደግሞ ከኤምባሲው በቀጥታ ጠይቁ። ብዙ አገሮች ምግብና ማደሪያ የሚሰጥበትን በጎ ፈቃድ እንደ ሥራ ይቆጥሩታል፣ በጎብኚ ቪዛ ሄዶ መሥራት ችግር ላይ ይጥላል። «ቪዛውን እኔ አስጨርሳለሁ» ብሎ ቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉበት።